ማኒክ ማይነርን አዲስ ቀለም ላልብስ ብዬ ቁጥቋጦው መግደል ተወ

ጎማ_ቁልፍ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:10)

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ዜድኤክስ ስፔክትረም የምትባለውን የእንግሊዞች የቤት ኮምፒውተር አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣችው፣ ቁልፎቿ ላስቲክ የሆኑት፣ ቲቪ ላይ የምትሰካው። እኔ አላደግኩባትም። ለንደን ከመጣሁ በኋላ እሁድ ገበያ ላይ ከአሮጌ ሬዲዮዎች ሥር ተቀብራ አገኘኋት። የዚያን ቀን የወጣሁት ለልጄ ብስክሌት ልገዛ ነበር። ብስክሌቱ እስከ ዛሬ አልተገዛም።

ጌሞቿን እወዳቸዋለሁ፤ ቀለሟ ግን ዓይን ይወጋል። ያላት ስምንት ቀለም ነው። እያንዳንዱ ደመቅ ያለ መንትያ አለው፤ ጥቁር ቢደምቅም ያው ጥቁር ስለሆነ ድምሩ 15 ይመጣል። ቡኒ የለም። የሰው ቆዳ የሚመስል የለም። ሮዙና ሲያኑ የሠርግ አዳራሽ መብራት ነው።

ኢሙሌተር (አሮጌዋን ማሽን በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ ግን ዩኤልኤ ፕላስ የሚባል ማሻሻያ አለ። ከ256 ቀለሞች 64 መርጠህ ባንዴ ትጠቀማለህ። እኔ ዜሳሩክስ በሚባለው ኢሙሌተር ላይ ነው የምሞክረው። ማኒክ ማይነርን ይዤ ተነሳሁ፤ በ1983 የወጣውን የማቲው ስሚዝን ጌም። መጀመሪያው ዋሻ ላይ ሦስት ነገር ገጠመኝ።

አንደኛ፣ ጥቁሩን መደብ ጥልቅ ሰማያዊ አደረግኩት። ወለሉ ያለበት ቦታ ሁሉ ግን ጥቁር ካሬ ሆኖ ቀረ። ቀለም ቀቢው ምሳ ብሎ የሄደበት ግድግዳ መሰለ።

ሁለተኛ፣ የጡቡን ቀይ ወደ ቡኒ ስቀይር የስክሪኑ ዙሪያ በሙሉ ቡኒ ሆነ። ዙሪያውን ማን ነካው?

ሦስተኛው ነው ያሳቀኝ። አረንጓዴው ቁጥቋጦ የራሱ ቀለም እንዲኖረው ብዬ አንዲት ባይት ነካሁ፤ ሚሞሪ ውስጥ 45645ኛው ቦታ ላይ 68 የነበረውን 196 አልኩት። ቁጥቋጦው አናቱ ተቆረጠ፣ ከሥሩም እንግዳ ነጥብ በቀለበት። ይባስ ብሎ ዊሊ፣ የምንጫወትበት ሰውዬ፣ በላዩ ላይ ሽር ብሎ አለፈ! ስንት ቀን ሲገድለኝ የከረመ ቁጥቋጦ ነው።

እኔ የነካሁት ቀለም ነው። ከመግደሉ ጋር ምን አገናኘው?


ቀይ_ሽንኩርት (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:31)

ወንድሜ፣ ምን አስነካህ? የአክሱምን ሐውልት ፒች ቀለም እንቀባው ቢሉህ እሺ ትላለህ? ሰውየው በ15 ቀለም ሠርቶ ጨርሶታል። ቡኒ ከፈለግክ ሌላ ጌም አለልህ።


ዜሮ_አንድ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05)

ቀይ ሽንኩርት ትንሽ ይቆየን፤ ጥያቄው አሪፍ ነው።

ስፔክትረም ስዕሉንና ቀለሙን ለየብቻ ነው የምታስቀምጠው። ስዕሉ 256 በ192 ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ አንድ ቢት፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ይኼ 6144 ባይት ይወስዳል። ለቀለም ደግሞ ስክሪኑ 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ይከፈላል፤ 32 ወደ ጎን፣ 24 ወደ ታች። ለአንድ ካሬ አንድ ባይት፣ በድምሩ 768። በዚያች ባይት ውስጥ ሦስት ቢት ለኢንክ (ለበራው ነጥብ)፣ ሦስት ለፔፐር (ለመደቡ)፣ አንድ ለብራይት፣ አንድ ብልጭ ድርግም ለሚያደርገው ለፍላሽ። አለቀ። በአንድ ካሬ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም። ዊሊ ወለሉን ከሥር ሰንጥቆ ሲዘል ጭንቅላቱ ቀይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዩኤልኤ ፕላስ ይኼን ሕግ አይሽረውም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። በካሬ ሁለት ቀለም መሆኑ እንዳለ ነው። የሚለወጠው የብራይትና የፍላሽ ቢቶች ሥራ ነው፤ ማድመቅና ማብለጭለጩን ትተው ከአራት የቀለም ሰንጠረዦች አንዱን ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ 8 ኢንክና 8 ፔፐር አለው። 16 በ4፣ 64።

ወደ ዋሻህ ስንመጣ፣ የወለሉ ባይት 66 ነው፤ 64 ብራይት፣ 2 ቀይ። ስለዚህ ከሁለተኛው ሰንጠረዥ ይቀዳል፤ ኢንኩ 18ኛ ቁጥር፣ መደቡ 24ኛ። የባዶው ቦታ ባይት 0 ነው፤ መደቡ 8ኛ ቁጥር። አንተ 8ኛውን ቀይረህ 24ኛውን ረሳኸው። ጥቁር ካሬዎችህ እነሱ ናቸው።

የስክሪኑ ዙሪያ ቀለሙን የሚወስደው ከመጀመሪያው ሰንጠረዥ ፔፐሮች ነው። የዚህ ዋሻ ዙሪያ ቀይ ነው፤ የጡቡም መደብ ቀይ ነው። ሁለቱም ከ10ኛው ቁጥር ነው የሚቀዱት። አንዱን ስትነካ ሌላው ይከተላል።

የቁጥቋጦውን ጉድ ነገ። ሰዓቱ ሄዷል፣ ልጆች አሉብኝ።


ማሙሽ_ነኝ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:22)

ይቅርታ፣ እኔ አዲስ ነኝ። መጀመሪያውኑ ለምን ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ቀለም አልሰጡትም? ይኼ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።


ጋሽ_ብየዳ (እሁድ፣ ከጠዋቱ 1:40)

ልጄ ማሙሽ፣ ሚሞሪ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው በየሱቁ የሚታፈስ አልነበረም። ለአንዱ ነጥብ 16 ቀለም ልስጥ ብትል አራት ቢት ያስፈልግሃል። አስላው፤ 24576 ባይት ይሆናል። ርካሿ ስፔክትረም ስትወጣ 125 ፓውንድ ነበረች፤ ያላት ሚሞሪ 16 ኪሎባይት። ስክሪኑ ብቻውን አይገባባትም። ትልቋ፣ 48 ኪሎባይቷ፣ 175 ፓውንድ ነበረች፤ እሷንም ግማሿን ይበላባታል። በዚህኛው ዘዴ ስዕልና ቀለም ተደምሮ 6912 ባይት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ሌላው ፕሮሰሰሩ ነው። ዜድ80፣ 3.5 ሜጋኸርዝ። አራት እጥፍ ስዕል ተሸክሞ ጌም ሊያንቀሳቅስ? ወገቡ አይችልም።

ዩኤልኤ የሚለው ስም የመጣው ፌራንቲ የሚባለው ኩባንያ ይሠራው ከነበረው ቺፕ ነው። ወደ ቲቪው የሚሄደውን ስዕል የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ቲቪ ጠግኛለሁ። ስፔክትረም ግን አንድም ቀን በእጄ አልገባችም፤ የሰርኪዩት ሥዕሏን ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ቀጭን ሥራ ነው፤ ከትንሽ ነገር ብዙ ያወጣ ሰው ሥራ።


ዜሮ_አንድ (እሁድ፣ ከቀኑ 6:15)

ጋሼ እናመሰግናለን፤ እርስዎ ካሉበት እኔ የሃርድዌሩን ነገር አልነካም።

አሁን ቁጥቋጦው። ማኒክ ማይነር ዋሻዎቹን ከ45056 ጀምሮ ይደረድራቸዋል። 20 ዋሻ፣ እያንዳንዱ 1024 ባይት። አባዝታችሁ ደምሩት፤ ልክ 65536 ላይ፣ የሚሞሪው ጫፍ ላይ ያልቃል። አንድ ባይት አልተረፈም።

የእያንዳንዱ ዋሻ የመጀመሪያ 512 ባይት የካሬዎቹ ቀለም ነው። ልብ በሉ፣ «ይኼ ወለል ነው፣ ይኼ ግድግዳ ነው» የሚል ሌላ ካርታ የለም። የቀለም ባይቷ ራሷ ካርታ ናት። ከዚያ የዋሻው ስም 32 ባይት ይወስዳል። ከስሙ ቀጥሎ የስምንት ዓይነት ካሬ ማውጫ አለ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የቀለም ባይትና ስምንት የስዕል ባይት። ጌሙ ዋሻውን ሲስል ካርታው ላይ 68 ካየ፣ 68ን ከማውጫው ይፈልግና ከኋላው ያለውን ስዕል ያስቀምጣል። ዊሊ ሲንቀሳቀስ ደግሞ የነካውን ካሬ ባይት ከገዳዩ ባይት ጋር ያስተያያል። እኩል ከሆኑ ዊሊ ሞተ።

አንተ ማውጫው ላይ ብቻ 68ን 196 አልከው። ካርታው ላይ 68 እንዳለ ነው። ጌሙ ማውጫውን ሲፈልግ የቀለም ባይትና የስዕል ባይት አይለይም፤ የቁጥቋጦው ስዕል የመጀመሪያ ባይትም 68 ስለሆነች እሷን አገኘና ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ሣለ፤ አናቱ የተቆረጠው ለዚህ ነው። ገዳዩ አሁን 196 ነው፣ ዊሊ የረገጠው 68 ነው። አይተዋወቁም፤ ሰላምታ ተሰጣጥተው ይተላለፋሉ።

መፍትሔው፣ ከ45056 እስከ 45567 ያሉትን 68ቶች በሙሉ 196 ማድረግ። ያኔ ቁጥቋጦው ከአራተኛው ሰንጠረዥ ይቀዳል። ኢንኩ 52ኛ፣ መደቡ 56ኛ። 56ኛውንም ሰማያዊ አድርገው፤ አለዚያ ነገም ስለ ጥቁር ካሬ ትጽፍልናለህ።


ቀይ_ሽንኩርት (እሁድ፣ ከቀኑ 7:02)

ቆይ ቆይ። እዚሁ ላይ ያዙኝ። ወለሉ 66 ነው አልክ። ስትረግጠው የሚፈርሰው ወለልስ?


ዜሮ_አንድ (እሁድ፣ ከቀኑ 7:09)

2። ያው ቀይ፣ ብራይት የሌለው።


ቀይ_ሽንኩርት (እሁድ፣ ከቀኑ 7:20)

በቃ፣ እኔ ያልኩት እሱን ነው። ደማቁ ቀይ ይሸከምሃል፣ ፈዛዛው ቀይ ይከዳሃል። ተጫዋቹ ይኼን ማንም ሳይነግረው በሁለት ሙከራ ይገባዋል። አንተ ሁለቱንም «የሚያምር ቡኒ» ስታደርጋቸው ጌሙን አበላሸኸው ማለት ነው። ጎማ ቁልፍ፣ እስቲ እውነቱን ተናገር፤ ምን አድርገሃቸዋል?


ጎማ_ቁልፍ (እሁድ፣ ከቀኑ 9:45)

መጀመሪያ ዜሮ አንድ፣ እጅህ ይባረክ። 68ቶቹን ሁሉ ቀየርኳቸው፤ ቁጥቋጦው እንደ ድሮው ይገድላል። ሲገድለኝ በደስታ ስጮህ ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አይታኝ ተመለሰች።

ቀይ ሽንኩርት፣ ይዘኸኛል። ወለሉን 80፣ የሚፈርሰውን 76 ነው ያደረግኩት። ሁለቱም ቡኒ ናቸው። እኔው ራሴ ሦስቴ ወደቅሁ።

ለማያውቁ፣ የዩኤልኤ ፕላስ ቀለም ቁጥር እንዲህ ነው የሚነበበው። በስምንቱ ቢት ውስጥ መጀመሪያ ሦስቱ አረንጓዴ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ቀይ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰማያዊ ናቸው። 80 ማለት አረንጓዴ 2፣ ቀይ 4፣ ሰማያዊ 0። ዊሊን 222 አልብሼዋለሁ፤ ፊቱ ላይ ደም የገባ ይመስላል። ስዕሉን አያይዣለሁ፤ የቀለም ሥራ የምታውቁ እዩልኝ።


እትዬ_ፒክስል (እሁድ፣ ከምሽቱ 1:30)

ስዕሉን አየሁት። ዳቦዬ ማስታወቂያ ሥራ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

80 እና 76ን ማንም አይለያቸውም። ወንድሜ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ ለእሱ ደግሞ ጭራሽ አንድ ናቸው። የቀለሙን ዓይነት ብቻ አትይ፤ የብርሃን ደረጃውን ለያየው። የሚፈርሰው 76 ይሁን፣ ጠንካራውን ወለል ወደ 148 አንሣው። ስክሪንህን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረህ እየው። ያኔም ከተለያዩ ሠርቷል።

ሁለተኛ ነገር። ዋሻው ውስጥ ዊሊ የሚለቅማቸውን ቁልፎች አስተውለሃቸዋል? በየዙሩ አንዴ ድብዝዝ ይላሉ። አምፖል ሊቃጠል ሲል እንደሚያደርገው። ምን አድርገሃቸው ነው?

ሦስተኛ። ሰማያዊ ሁለት ቢት ብቻ ስላላት ከዚህ ፓሌት (የቀለም ስብስብ) ግራጫ ማውጣት መከራ ነው። ኢሙሌተሩ የጎደለችውን ሦስተኛ ቢት ከሁለቱ አንዷ እንኳ ከበራች ያበራታል። ስለዚህ የሰማያዊ ደረጃዎች 0፣ 3፣ 5 እና 7 ብቻ ናቸው። አረንጓዴና ቀይ ከእሷ ጋር እኩል የሚሆኑባቸው ንጹህ ግራጫዎች ሁለት ናቸው፤ 109 እና 182። የቀረው ሁሉ ወይ ወደ ሐምራዊ ወይ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። ድንጋይ ልትስል ከሆነ በሁለቱ ተብቃቃ።

ደግሞ 64ቱንም ካልሞላሁ አትበል። ዋሻው ውስጥ ጥሩ የሆነልህ መደቡና ዊሊ ነው። ከዚያ በላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም ብትነካ ይበቃል።


ጎማ_ቁልፍ (እሁድ፣ ከምሽቱ 1:52)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቁልፉን ነገር እኔ አልነካሁትም፣ እውነቴን ነው። ከጣሪያ የተንጠለጠለውን ሲያን ነገር ብቻ ነው 109 ያደረግኩት። እርስዎ ካላመኑኝ ፋይሉን እልካለሁ።


እትዬ_ፒክስል (እሁድ፣ ከምሽቱ 1:55)

እርስዎ? ገና 27 ዓመቴ ነው፣ አንቺ በሉኝ። ስሙን ያወጣሁት ለቀልድ ነው፤ ጣጣ ሆነብኝ።


ዜሮ_አንድ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2:10)

በደንብ አይተሻል። ቁልፎቹ እንዲያብረቀርቁ ጌሙ ኢንካቸውን 3፣ 4፣ 5፣ 6 እያለ ያዞረዋል። የተንጠለጠለው ነገር ባይት 5 ነው። ጎማ ቁልፍ 5ኛውን ግራጫ ሲያደርግ ቁልፎቹም በተራቸው ግራጫ ላይ ደረሱ። 4ኛውን ቢነካም ያው ነው፤ ያ የሚሽከረከረው ቀበቶ ቀለም ነው። 6ኛውን ቢነካ የጡቡ ኢንክና የመውጫው በር ኢንክ አብረው ይሄዳሉ።

እኔ ብሆን ከ3 እስከ 6 ያሉትን እንዳሉ እተዋቸዋለሁ። የተንጠለጠለውን የግድ ግራጫ ካልሆነ ካልክ እንደ ቁጥቋጦው ወደ ሌላ ሰንጠረዥ አሻግረው። ማውጫውንም ካርታውንም።


ማሙሽ_ነኝ (እሁድ፣ ከምሽቱ 2:40)

በካሬ ከሁለት ቀለም በላይ የሚያስገባ ዘዴ ጨርሶ የለም?


ዜሮ_አንድ (እሁድ፣ ከምሽቱ 3:05)

አለ፣ ግን ሁሉም ያስከፍላል።

አንዱ ፕሮሰሰሩን ማሯሯጥ ነው። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲሳል፣ ከመስመሩ ቀድመህ የቀለም ባይቷን ትቀይራታለህ። ኒርቫና የሚባለው የጌም ሞተር በዚህ ዘዴ ካሬውን ከ8 በ8 ወደ 8 በ2 ያወርደዋል። በ48 ኪሎባይቷ ማሽን ለአንድ መስመር ያለህ ጊዜ 224 የፕሮሰሰር ምት ነው። ስክሪኑ ሲሳል ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ አይሠራም ማለት ይቻላል። ለዚህ ታስቦ ለተጻፈ አዲስ ጌም ጥሩ ነው፤ ለማኒክ ማይነር አይሆንም።

ሌላው ስፔክ256 የሚባለው ኢሙሌተር ነው። እሱ አሪፍ ዕብደት ነው። የጌሙን ስዕል እያንዳንዷን ቢት በስምንት ቢት ይተካና ጌሙ ስዕሉን ከቦታ ቦታ ሲያጓጉዝ ስምንቱንም ንብርብር አብሮ ያጓጉዛል። ጌሙ ምንም አያውቅም፤ እንደ ድሮው በሁለት ቀለም የሚሠራ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ከ256 ቀለም አንዱን ይዞ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ጌም ስዕሉን ሁሉ እንደገና መሳል ግን የአንተ ዕዳ ነው።


ጋሽ_ብየዳ (እሁድ፣ ከምሽቱ 3:30)

አዲሷ ስፔክትረም ኔክስትም አለች፤ በ2017 በሕዝብ መዋጮ የተጀመረችው። ከ512 ቀለም ትመርጣለች። ዋጋዋ ግን ለእኔ ጡረታ አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ጎማ ቁልፍ። ይኼን የቀየርከውን ጌም በእውነተኛዋ ማሽን ሞክረኸዋል? ቤትህ አለች ብለሃል እኮ።


ጎማ_ቁልፍ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15)

ጋሼ፣ ዛሬ ከሥራ መልስ ሞከርኩት። ባልሞከርኩት።

የእኔ ማሽን ዩኤልኤ ፕላስ የላትም፣ ያው የ1982ቱ ናት። ሰማያዊው መደብ፣ 148ቱ፣ 222ቱ፣ ሁሉም የለም። እሱንስ ጠብቄዋለሁ። ያልጠበቅኩት ቁጥቋጦውን ነው። 196 ውስጥ የፍላሽ ቢቷ አለች አይደል? ለእሷ ፍላሽ አሁንም ፍላሽ ነው። ዋሻው ውስጥ ያሉት ቁጥቋጦዎች በሙሉ አንድ ላይ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም። አምቡላንስ ማቆሚያ ሆነ።

ኢሙሌተሩ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ገጠመኝ። ቁልፎቹን ሁሉ ስትሰበስብ የመውጫው በር ብልጭ ማለት አለበት፤ ና ውጣ ነው የሚልህ። ዩኤልኤ ፕላስ ላይ ዝም አለ።


ዜሮ_አንድ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40)

በሩ ባይቱ 14 ነው። ቁልፎቹ ሲያልቁ ጌሙ የፍላሽ ቢቷን ያበራትና 142 ይሆናል። ብልጭታው ጠፋብህ እንጂ ሰንጠረዡ ተቀይሯል። ኢንኩ ከ6ኛ ወደ 38ኛ፣ መደቡ ከ9ኛ ወደ 41ኛ ሄዷል። እነዚያን ሁለቱን ደማቅ አድርጋቸው፤ በሩ መብራት እንደበራበት ቤት ይሆናል። እኔ እንዲያውም ከብልጭታው ይሻላል ባይ ነኝ።

ለቁጥቋጦው ደግሞ ጫኚው ፕሮግራም መጀመሪያ ይጠይቅ። ቤዚክ (የማሽኗ የፕሮግራም ቋንቋ) ላይ በአውት ትዕዛዝ 48955 በተባለው በር (ፖርት) ላይ 18 ጻፍ፣ 65339 ላይ 148 ጻፍ፣ ከዚያ 65339ን መልሰህ አንብብ። 148 ከመለሰልህ ዩኤልኤ ፕላስ አለ ማለት ነው። ያኔ 48955 ላይ 64፣ 65339 ላይ 1 ጽፈህ አብራው፤ ፓሌቱን ጫን፣ 68ቶቹንም ቀይር። ሌላ ነገር ከመለሰ ምንም ሳትነካ ጌሙን አስጀምር።


ቀይ_ሽንኩርት (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00)

ማለትም የእኔ ማሽን ላይ ምንም ሳይነካ እንደ ድሮው ይከፈታል?


ጎማ_ቁልፍ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:04)

ሮዙም ሲያኑም እንዳለ። አንድ ዋሻ አልቋል፣ 19 ይቀሩኛል። ሁለተኛው ዋሻ ላይ ከባይቶቹ ማን ገዳይ እንደሆነ እየለቀምኩ ነው፤ ነገ ማታ ዝርዝሩን እለጥፋለሁ። እትዬ፣ ማለቴ ፒክስል፣ እንዳትጠፊ።